የአባቴ የመስኖ ግድብ ከስሩ ውሃ ማውጣት ጀምሯል፣ እሱ ግን 1 ሜትር ከፍ ላርገው እያለ ነው (አዳማ፣ ቦሰት በኩል)

የቦሰቷ

ሰላም ለሁላችሁ፣ መስኖ ወይም ሲቪል ምታውቁ ሰዎች እስኪ እርዱኝ። እኔ ምኖረው አዳማ ነው፣ ቤተሰቦቼ ግን ከወለንጪቲ ገባ ብሎ መሬት አላቸው። አባቴ የዛሬ ስድስት ሰባት አመት ገደማ ዶዘር ተከራይቶ ከማሳው በላይ ያለውን ቦረቦር ዘግቶ የአፈር ግድብ ሰራ፣ የክረምቱን ጎርፍ ይይዝና ከጥቅምት ጀምሮ ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣበታል። ቤታችንን ያቆመው እሱ ግድብ ነው፣ ታናናሾቼ የተማሩትም በዛ ሽንኩርት ነው፣ ስለዚ አፍርሱት ምናምን እንዳትሉኝ።

ርዝመቱ 60 ሜትር ይሆናል፣ ቁመቱ መሀል ላይ 5 ሜትር፣ ሲሞላ ጥልቁ ቦታ 4 ሜትር ይደርሳል፣ ውሃው ወደኋላ 150 ሜትር ያህል ይተኛል። ማስተንፈሻ ተብሎ በደንብ የተሰራ ነገር የለውም፣ በግራ ጫፍ በኩል ዝቅ ያለ ቦታ አለ ሲሞላ በዛ ይወጣል፣ ባለፈው ነሐሴ ላይ ግን ጎርፉ ያንን ቦታ በልቶት ወደ ግድቡ ጠጋ ብሏል። አሁን ደግሞ ሄጄ ሳይ ከግድቡ በታች እግሩ ላይ መሬቱ ረጥቦ ቄጠማ አብቅሏል፣ አንድ ቦታ ላይ ውሃ ኩልል እያለ ይወጣል። አባባ «የአፈር ግድብ ትንሽ ማንጠባጠቡ አይቀርም ሁሌም የነበረ ነው» ይላል፣ ጭራሽ ከሚመጣው ክረምት በፊት ኤክስካቫተር አምጥቶ 1 ሜትር ከፍ ሊያረገውና ማሳውን ወደ 2 ሄክታር ሊያሰፋ ነው፣ አሳም ልጨምርበት እያለ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ከግድቡ በታች ወደ 400 ሜትር ርቀት ላይ ሶስት ቤቶች አሉ፣ ልጆች ት/ቤት ሚሄዱበት መንገድም በዛው ነው።

ጥያቄዬ፣ ከስር ሚወጣው ውሃ ያሰጋል ወይ? ከፍ ማድረጉስ ይቻላል?

ውሃና አፈር

እህቴ ጥሩ ጊዜ ነው የጠየቅሽው ምክንያቱም ክረምቱ ገና ሩቅ ነው። ከፍ ማድረጉን ለጊዜው እርሱት፣ ማስተንፈሻው ሳይሰራና ያ ከስር ሚወጣው ውሃ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ አካፋ አፈር አናቱ ላይ እንዳይጨመር።

የአፈር ግድብ ሲፈርስ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ውሃ በአናቱ ሲሻገር ነው፣ አፈር ጎርፍ በላዩ ሲሮጥበት ስለማይችል በሰዓታት ውስጥ ተቆርጦ ይሄዳል። ሁለተኛው ውስጥ ለውስጥ ሲሸረሸር ነው፣ ከታች ሚወጣው ውሃ የአፈር ቅንጣት ይዞ መውጣት ይጀምራል፣ ከመውጫው ወደኋላ እየቦረቦረ ይሄዳል፣ ቀዳዳው ከተኛው ውሃ ጋር ሲገናኝ በቃ አለቀ። አሜሪካ ኢዳሆ ውስጥ በ1976 የፈረሰው ቴተን ግድብ መንግስት ያሰራው ትልቅ የአፈር ግድብ ነበር፣ በኛ አቆጣጠር ጠዋት 1፡30 ገደማ ደፍራሽ ውሃ ሲወጣ ታየ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ግድቡ ተደረመሰ፣ 11 ሰው ሞተ። ደፍራሽ ውሃ ከታየ በኋላ ሚኖረው ጊዜ ይሄን ያህል አጭር ነው። አባትሽ ትንሽ ማስረጉ አይቀርም ያሉት እውነት ነው፣ ዋናው ነገር ግን ውሃው ጥርት ያለ ነው ወይስ አፈር ይዞ ነው ሚወጣው፣ መጠኑስ ባለበት ነው ወይስ እየጨመረ ነው ሚለው ነው።

ስለዚ እነዚህን አድርጊና ተመልሰሽ ጻፊልኝ። ከሚወጣው ውሃ በሃይላንድ ቅጂና ሳይነካ ይደር፣ ስሩ ላይ አፈር ይዘቅጥ እንደሆነ እይ። 20 ሊትር ጀሪካን ደቅነሽ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያዢ፣ የግድቡ ውሃ የት ድረስ እንደነበርም እዛው ላይ መዝግቢ፣ ምክንያቱም ውሃው እየወረደ ከስር ሚወጣው ግን ካልቀነሰ መጥፎ ምልክት ነው። ከግድቡ አፈር ደረቅ ጓል አንስተሽ በንጹህ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብለሽ ልቀቂው፣ ሳትነኪው ዙሪያው ጭጋግ ከሰራ አፈሩ ውሃ ውስጥ ራሱ ሚበተን አይነት ነው፣ እሱ አይነት አፈር በትንሽ ስንጥቅ ነው ሚሄደው። ከዛ ደግሞ የግድቡን ወርድ ከታች ከአንዱ እግር እስከ ሌላኛው፣ አናቱንም ለኪልኝ።

ማስተንፈሻው ላይ አንድ ነገር ልበል። ከላይ ጎርፉን ሚሰበስበው መሬት 100 ሄክታር ቢሆን፣ በሰዓት 60 ሚሊሜትር ሚወርድ ዶፍ ቢመጣና ከዝናቡ 40 በመቶው ቢሮጥ፣ በሰከንድ 6.7 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይሄንን ግማሽ ሜትር ጥልቀት ይዞ ለማሳለፍ 11 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ማስተንፈሻ ይፈልጋል። 60ን ለምሳሌ ነው የወሰድኩት፣ ከዛ በላይም ይጥላል። አንቺ እንደነገርሽኝ ዝቅ ያለ ቦታ ብቻ ከሆነ ያለው እስካሁን የቆመው ትልቁ ዝናብ ስላልመጣ ነው። የማስተንፈሻው ወለል ከግድቡ አናት ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፣ የተሞላው አፈር ላይ ሳይሆን ባልተነካው መሬት ላይ መቆፈር አለበት፣ መውጫው ደግሞ ከግድቡ እግር ርቆ።

ጋሽ ከዴራ

ልጄ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም፣ ግን ግድብ ይዤ ኖሬያለሁ። ያ ቄጠማ የበቀለበትን ቦታ አጽጂውና ምልክት አድርጊበት፣ ቄጠማው ካለ ውሃው ጨመረ ቀነሰ ማየት አይቻልም። በግድቡ አካል ላይ ባህር ዛፍ ወይ ግራር በቅሏል? ካለ ገና ለጋ ሳለ ከነስሩ ውሃው ሲወርድ ይነቀልና ጉድጓዱ በደንብ ይጠቅጠቅ። ትልቅ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቁረጡት፣ ስሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል፣ አዋቂ ሰው አይቶት ይሁን። ፍልፈልና ጃርት ደግሞ ሌላው ጠላት ናቸው፣ እኛ ጋ በየሳምንቱ አናቱንና ጀርባውን እየዞርን ነው ምናየው። ሰርዶ አልብሱት፣ ሰርዶ አፈር ይይዛል ቁመቱም ስለማይረዝም ቀዳዳ ያሳያል። ከብት ግን በግድቡ ላይ እንዳይሻገር፣ እየረገጡ መሀሉን ዝቅ ያረጉታል፣ ጎርፉ ሲመጣ ደግሞ በዛው ዝቅ ባለው ነው ሚሻገረው።

በ2017 ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ አዳማም ተሰምቶ ነበር፣ ከዛ ወዲህ አናቱን በደንብ አይታችሁታል? በርዝመቱ ሚሄድ ስንጥቅ አለ፣ ከውሃው ወደ ጀርባ ሚያቋርጥም አለ፣ ሚያቋርጠው ነው ክፉው።

ሰለሞን አዳማ

ትንሽ አጋነናችሁት መሰለኝ። በዛ አካባቢ እንደዚህ አይነት ግድብ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ ኢንጂነር ቀጥሮ የሰራ የለም። ዋናው ውሃ መያዙ ነው። እኔ ብሆን ያ ዝቅ ያለውን ቦታ በማዳበሪያ ጆንያ አሸዋ ሞልቼ እዘጋዋለሁ፣ ያለ ኤክስካቫተር ግማሽ ሜትር ውሃ ታተርፋላችሁ፣ ማፍሰሱን ደግሞ ውስጡን ጂኦሜምብሬን (ውሃ ማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ማልበስ ነው በቃ።

ውሃና አፈር

ሰለሞን ወንድሜ ጆንያ ያልከውን እባክህ ማንም እንዳይሞክረው፣ ሰው ይሄን እያነበበ ነው። ማስተንፈሻ በጆንያ መዝጋት ማለት ውሃው ሚወጣበትን ቦታ ከማስተንፈሻው ወደ ግድቡ አናት ማዛወር ነው። የተረፈችው ግማሽ ሜትር ለትልቁ ጎርፍ ተብላ የተተወችዋ ናት። ማታ ዝናብ መጥቶ ጆንያውን ማን ወርዶ ያነሳል?

ኬንያ ናኩሩ ውስጥ ሶላይ ሚባል ቦታ በግንቦት 2010 በኛ አቆጣጠር የግል እርሻ የመስኖ ግድብ ከከባድ ዝናብ በኋላ ማታ ላይ ፈረሰ፣ ቢያንስ 47 ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ከታች ያሉ ነዋሪዎችና ህጻናት ናቸው። እሱም የአፈር ግድብ ነበር፣ እሱም ለአመታት ቆሞ ነበር። ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ነው ሚሰራው ማለት ከታች ላሉት ሶስት ቤቶች መልስ አይሆንም።

ጂኦሜምብሬን ደግሞ ለተቆፈረ ኩሬ ጥሩ ነው፣ ደለል ሚገባበት የጎርፍ ግድብ ላይ ግን ድንጋይና እንጨት ይቀደዋል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ አንዴ ከተቀደደ የት እንደሚያፈስ አይታወቅም። ህጻን ከገባበትም ያንሸራትታል መውጣት አይችልም።

የቦሰቷ

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ጋሼ እርሶንም በጣም። ሄጄ ለካሁ። ጀሪካኑ በ4 ደቂቃ ነው ሚሞላው። ሃይላንዱ ስር ምንም አልዘቀጠም፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ከእግር እስከ እግር 19 ሜትር፣ አናቱ 2 ሜትር። ጓሉን ብርጭቆ ውስጥ ስከተው ግን ሳልነካው ውሃው ወተት መሰለ፣ ይሄን ሳይ ደነገጥኩ። አናቱ ላይ በርዝመቱ ሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ፣ ሚያቋርጥ አላየሁም። ሁለት ባህር ዛፎች አሉ፣ የክንድ ውፍረት ናቸው።

አባባ ይሄን ሁሉ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝና «እና ያለ ከፍታ እንዴት ነው ማሳ ማሰፋው» አለኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ውሃና አፈር

ጎበዝ፣ አሁን ማውራት ይቻላል። በ4 ደቂቃ 20 ሊትር ማለት በቀን 7200 ሊትር ነው፣ ጥርት ያለ መሆኑ ጥሩ ዜና ነው፣ ዛሬ ማታ ይፈርሳል ብለሽ አትጨነቂ። ግን አፈሩ ተበታኝ ስለሆነ ዛሬ ጥርት ማለቱ ለነገ ዋስትና አይሆንም፣ በየቀኑ ሚታይ ነገር ነው።

ትልቁ ነገር ወርዱ ነው። አናቱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 5፣ ስሩ 19 ከሆነ በሁለቱም በኩል ለ1 ሜትር ከፍታ 1.7 ሜትር ብቻ ነው የተዘረጋው፣ ቀጥ ያለ ነው። ለእንደዚህ አይነት ግድብ በውሃው በኩል 1 ለ3፣ በጀርባው 1 ለ2.5 ነው ምንፈልገው፣ አናቱ 3 ሜትር ከሆነ ስሩ 30 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ 1 ሜትር ሲጨመር ደግሞ ስሩ ላይ 5.5 ሜትር ተጨማሪ ወርድ በሙሉ ርዝመቱ ይመጣል። አባትሽ ያሰቡት አናቱ ላይ ብቻ መቆለል ከሆነ ግድቡን የባሰ ቀጥ ያረጉታል፣ ክብደትም ይጨምሩበታል፣ ውሃውም ከፍ ብሎ ይገፋዋል።

የኔ ምክር ኤክስካቫተሩም አፈሩም ይምጣ፣ ግን አናቱ ላይ ሳይሆን ጀርባው ላይ ይግባ። መጀመሪያ ውሃ ሚወጣበት እግሩ ላይ ንጹህ አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ፣ ይሄ ነው ማጣሪያው። አሸዋው ውሃውን ያሳልፋል አፈሩን ያስቀራል፣ ጠጠሩ አሸዋውን ይይዛል። መውጫውን በጭቃ ወይ በሲሚንቶ እንዳትደፍኑት፣ ውሃው ሌላ መንገድ ፈልጎ ማታዩት ቦታ ነው ሚወጣው። ከዛ ጀርባውን በሙሉ በአፈር ማስፋት፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር እየተነጠፈ እየተጠቀጠቀ፣ በእጅ ስትጨብጪው ሚያያዝ እርጥበት ይዞ። ዶዘር እየሄደበት ተጠቀጠቀ ማለት አይደለም፣ ሰንሰለቱ ክብደቱን ስለሚበትነው ብዙም አይጠቀጥቅም፣ ጥርስ ያለው ሮለር ፈልጉ። ባህር ዛፎቹንም ያኔ ከነስራቸው አውጡ። ይሄ ሁሉ ንድፉን ቦታው ላይ መጥቶ ባየ ባለሙያ ይሁን፣ እኔ ከዚህ ሆኜ በ19 ሜትር ብቻ ልነድፍ አልችልም።

ውሃውን ስታወርዱ በቀን ከ30 ሴንቲሜትር አይበልጥ፣ በድንገት ከወረደ በውሃው በኩል ያለው የረጠበ አፈር ይንሸራተታል፣ በተለይ እንደናንተ ቀጥ ያለ ከሆነ። ግን ከስር ሚወጣው ከደፈረሰ ይሄ ሁሉ ይቀራል፣ መጀመሪያ ከታች ያሉትን ሰዎች አስወጡ፣ ከዛ ባላችሁ ፓምፕ ሁሉ ውሃውን አውርዱ። ለሶስቱ ቤቶች አሁኑኑ ንገሯቸው፣ ስልካቸውን ያዙ፣ ማታ ቢሆን በየት በኩል ወደ ከፍታ እንደሚወጡ አብራችሁ ተነጋገሩ።

ሽንኩርት በመስኖ

አባትሽ የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው። ሒሳቡን እንስራው። የግድብ ርዝመት ሲባዛ ውሃው ወደኋላ በሚተኛበት ሲባዛ በጥልቀቱ ሲካፈል ለ6፣ ይሄ ለትናንሽ ግድቦች ሚሰራበት ግምት ነው፣ 60 በ150 በ4 ለ6 ሲካፈል 6000 ሜትር ኩብ። እኛ ጋ በበጋ በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር ይተናል፣ ከስር ሚወጣውንም ጨምረሽ ለማሳ ሚተርፈው 3500 ወይ 4000 ቢሆን ነው። ሽንኩርት በአንድ ወቅት ከ350 እስከ 550 ሚሊሜትር ውሃ ይፈልጋል፣ በቦይ ሲጠጣ ደግሞ ግማሽ ያህሉ በመንገድ ይጠፋል፣ ስለዚ ለ1 ሄክታር 8000 ሜትር ኩብ ገደማ ይሄዳል። ማለት አሁን ያላችሁ ውሃ በቦይ ለግማሽ ሄክታር፣ ለ2 ጥማድ ነው። 1 ሜትር ቢጨመርም 2 ሄክታር በፍጹም አይሞላም! በጠብታ መስኖ (በቀዳዳ ቧንቧ ስሩ ላይ ጠብ ጠብ እያለ) ከሆነ ግን ለሄክታር 5000 ይበቃል፣ ያው ውሃ ለ3 ጥማድ ይሆናል፣ ግድቡን ሳትነኩ። በጠብታ ባይቻል እንኳ ቦዩን አሳጥሩ፣ ጠዋትና ማታ አጠጡ፣ ከማሳው እስከ ግድቡ ያለውን በፕላስቲክ ቧንቧ አድርጉት። መልካሳ እርሻ ምርምር ቅርባችሁ ነው፣ ዘርና የውሃ አጠቃቀም እዛ ጠይቁ።

ደለሉንም አትርሱ። በስድስት ሰባት አመት ውስጥ ከታች ስንት እንደሞላ በእንጨት ለኩት፣ ቆቃ እንኳ በደለል ስንቱን ቦታ እንዳጣ እናውቃለን። የጠፋውን መልሶ ለማግኘት ውሃው ሲደርቅ መጥረግ ከፍ ከማድረግ ይሻላል፣ ግን ከግድቡ እግር ርቃችሁ ጥረጉ። ከላይ ባለው ተዳፋት ላይ እርከንና ሳር ካልተሰራ በየአመቱ መጥረግ ነው ሚሆነው።

አሳውን በተመለከተ ቆሮሶ ይሆናል፣ ሙቀታችሁ ይስማማዋል፣ ጫጩት ባቱ ካለው የአሳ ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ዱባ ሚባለውን ካርፕ አታስገቡ፣ ጭቃ እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል ዳርቻውንም ይበላል። ለአሳው ከ1 ሜትር በታች ውሃ እንዳይወርድ፣ ያንን ደግሞ ከመስኖ ሒሳቡ ቀንሱ። ሽንኩርቱ ላይ ሚረጨው ጸረ ተባይ እቃ በፍጹም ግድቡ ውስጥ እንዳይታጠብ።

ጤና ወንጂ

ሌላው የረሱት ነገር ስላለ ነው። ወንጂ በኩል ቢልሃርዚያ በመስኖ ቦዮች እንደኖረ ሚታወቅ ነው፣ ትሉን ሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ውሃና በአረም ውስጥ ነው ሚራባው። ልጆች እንዳይዋኙበት፣ ሽንት ቤት ከግድቡ በላይ እንዳይሆን፣ ዳርቻው ላይ ያለው አረም ይጸዳ፣ ለወባውም ያግዛል። ለከብት ከታች በቧንቧ ገንዳ አውጡላቸው፣ ያ ከማጣሪያው ሚወጣው 7200 ሊትር ራሱ ይበቃቸዋል። አጥር እሾህም ቢሆን ይታጠር፣ ዳር ላይ ገመድ የታሰረበት ያረጀ ጎማ ወይ ባዶ ጀሪካን ይቀመጥ፣ ሰው ከገባ ሚወረወርለት ነገር እዛው መኖር አለበት።

ዳኛ በአዳማ

ፍቃድም አለ። በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የህዝብና የመንግስት የጋራ ሀብት ነው፣ የውሃ ግንባታ ለመስራትና ውሃ ለመጠቀም ፍቃድ ያስፈልጋል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ነጻ ናቸው፣ በዶዘር የተሰራ ግድብ ባህላዊ ነው ብሎ መከራከር ግን ከባድ ነው። ወረዳው የመስኖ ቢሮ ሄዳችሁ በጽሁፍ አስመዝግቡ፣ ባለሙያም ያኔ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከታች ጉዳት ቢደርስ ደግሞ ተጠያቂው የግድቡ ባለቤት ነው።

የቦሰቷ

ሽንኩርት በመስኖ፣ ሒሳቡን ለአባባ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፣ 2 ሄክታር እንደማይሞላ ሲያይ ከፍ ማድረጉን ተወው። አሁን ጥያቄው ስለ ጠብታው ዋጋ ሆኗል። ከታች ካሉት ሁለቱን ቤቶች አነጋግረናቸዋል፣ ሶስተኛዎቹ ሰሞኑን የሉም። ወረዳ ሰኞ እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ለእግሩ ማጣሪያ ሚሆነውን አሸዋ ከየት ነው ምናመጣው? እዛ ያለው ሁሉ ያ ቀላሉ ነጭ ድንጋይ ነው።

ውሃና አፈር

ያንን ተዉት፣ ፑሚስ ነው፣ ይደቃል ይንሳፈፋል። ከወንዝ የወጣ የታጠበ አሸዋ ለግንባታ ሚሸጠው ይሁን። ከመኪናው ሳይራገፍ ሃይላንድ ውስጥ እፍኝ አሸዋና ውሃ አድርገሽ አራግጪውና አስቀምጪው፣ አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፣ ሰዓት ቆይቶ በላዩ ላይ ወፍራም የጭቃ ሽፋን ከተኛ ወይም ውሃው ሳይጠራ ከቀረ መልሱት። ውፍረቱ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር፣ ከእርጥበቱ ዳር በየአቅጣጫው አንድ ሁለት ሜትር አልፎ ይሂድ። መሬቱን ግን ስትጠርጉ በጥልቀት አትቆፍሩ፣ ግድቡ ውሃ እንደያዘ እግሩን መቆፈር አይቻልም፣ ሳሩን ብቻ ላጡና በላዩ አልብሱት።

የቦሰቷ

እሺ ገባኝ፣ አሸዋውን በዚህ ሳምንት አስመጣለሁ፣ ሰፊው ስራ ለየካቲት ይቆይ። የጀሪካኑን መዝገብ እዚሁ እየጻፍኩ እቀጥላለሁ።